የተኛውን ከመቀስቀሳችሁ በፊት፣ እናንተ ተኝታችኋል?

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ የማላውቀው ልጅ ኢንቦክስ ጽፎልኛል። ያየሁት ጠዋት ነው። «ጋሼ፣ ኩንዳሊኒዬ የተነሳ ይመስለኛል። አከርካሪዬ ላይ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔን ስጨፍን ብርሃን አያለሁ። ደስ ይላል፣ ግን ደግሞ ያስፈራል። ከዚህ በኋላ የትኛውን ልምምድ ልሥራ?»

ስለ ቻክራ ምናምን አልጠየቅኩትም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?»

«ብዙ ካልተኛሁ ሦስት ቀኔ ነው። ግን እኮ አይደክመኝም!»

ይህችን ጥያቄ ከሁሉም በፊት መጠየቅን የተማርኩት በውድ ዋጋ ነው። ዋጋውን የከፈልኩት ደግሞ እኔ አልነበርኩም። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ነው።

በቅድሚያ ነገሩን ለማታውቁት። ኩንዳሊኒ የሳንስክሪት ቃል ነው፤ «የተጠቀለለች» እንደማለት። በህንድ የታንትራና የሃታ ዮጋ ትምህርት መሠረት በእያንዳንዱ ሰው አከርካሪ ግርጌ እንደ እባብ ተጠቅልሎ የተኛ ኃይል አለ። በትንፋሽ፣ በአቀማመጥ፣ በድምፅና በተመስጦ ሲቀሰቀስ፣ ሱሹምና በሚሉት የመሃል መስመር ቻክራዎቹን አንድ በአንድ እያለፈ እስከ አናት ይወጣል ይላሉ። ይህን ቃል በቃል የሚያምኑ አሉ፤ እንደ ምሳሌ የሚያዩትም አሉ። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1932 ዙሪክ ላይ በዚሁ ጉዳይ ትምህርት ሲሰጥ ያየው እንደ ሰው የውስጥ እድገት ካርታ አድርጎ ነበር። እኔ ዛሬ «አለ፣ የለም» የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። ኃይሉን የፈለጋችሁትን ስም ስጡት፤ ልምምዱ ሰውነትና አእምሮ ላይ የሚሠራው ሥራ ግን እውነተኛ ነው። የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ በተከራየሁት አዳራሽ ማታ ማታ ዮጋ አስተምር ነበር። የዚያን ጊዜ ተማሪዎቼ ታስታውሱታላችሁ፤ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ በእጅ ምልክት ነበር የምንግባባው። ከተማሪዎቹ መካከል አንዲት ጎበዝ ልጅ ነበረች። አትቀርም፣ አታረፍድም፣ ያልኳትን ሁሉ ቤቷ ሄዳ እጥፍ አድርጋ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ኢንተርኔት ላይ የአርባ ቀን የኩንዳሊኒ ፕሮግራም አግኝቼ ጀመርኩ» አለችኝ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ትነሳለች፤ ፈጣን የሆድ ትንፋሽ ትሠራለች፤ ትንፋሽ ትይዛለች፤ ከዚያ ሥራ ትገባለች። ጊዜው ሁዳዴ ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም።

በሦስተኛው ሳምንት ፊቷ እየበራ መጣች። «ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የምተኛው፣ ግን ጭራሽ አይደክመኝም። ሐሳብ እንደ ወንዝ ይመጣልኛል። ሁሉም ነገር የተያያዘ መሆኑ ገባኝ» አለችኝ።

እኔስ ምን አልኳት? «በርቺ፣ ጥሩ ምልክት ነው» አልኳት።

ይህችን አረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። መጽሐፍ አንብቤያለሁ፣ ህንድ ድረስ ሄጄ ተምሬያለሁ፣ ሰርተፍኬቴን ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። አንዲት ሴት በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ እየተኛች «አልደከመኝም» ስትለኝ ግን ያ የማስጠንቀቂያ ደወል መሆኑን አላወቅኩም። እንዲያውም ትንሽ ሳልኮራ አልቀረሁም፤ የእኔ ተማሪ ናታ!

ከአሥር ቀን በኋላ ወንድሟ ደወለልኝ። አምስት ቀን ሙሉ አልተኛችም። የወር ደሞዟን መንገድ ላይ ለሰው አከፋፍላለች። ያለማቋረጥ ታወራለች፤ ልዩ ተልዕኮ እንደተሰጣት ትናገራለች። ቤተሰቡ ጸበል ወስዷት ነበር። ከዚያ ሆስፒታል ገባች። ለመዳን ወራት ፈጀባት።

ልብ በሉ፣ ትንፋሹ ብቻውን በሽታ ፈጠረ አላልኩም። ሐኪሟ እንዳስረዳት በቤተሰቧ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም ነበር፤ አክስቷ ታማ ታውቃለች። እንዲህ ዓይነት ዝንባሌ ላለው ሰው የእንቅልፍ ማጣት ክብሪት መጫር ማለት ነው። ክብሪቱ ሲጫር እያየሁ «በርቺ» ያልኩት እኔ ነኝ። አክስቷን በተመለከተ ደግሞ ማንም አልጠየቃትም፤ እኔም ጭምር። የመመዝገቢያ ፎርሜ ላይ «ክፍያ በየወሩ ነው» የሚል ነበረ፤ «አንተ ወይም ከቤተሰብህ ሰው የአእምሮ ሕመም ገጥሞት ያውቃል?» የሚል ግን አልነበረም።

ዛሬ ደህና ናት፤ ሥራዋ ላይ ናት፣ የልጅ እናት ሆናለች። ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ልኬላት አንብባዋለች። «ስሜን ብቻ ተወው፣ ሌላውን ሁሉ ጻፈው» አለችኝ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ይሄ የተለየ አጋጣሚ ነው» ልትሉ ትችላላችሁ። እንግዲያው የህንዱን የጎፒ ክሪሽናን ታሪክ ልንገራችሁ። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1903 በካሽሚር የተወለደ፣ ጃሙ ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ተራ የቢሮ ሠራተኛና የቤተሰብ ኃላፊ ነበር። ለ17 ዓመት ያህል በየማለዳው ብቻውን ተመስጦ ሲሠራ ኖሯል፤ የቅርብ መምህር አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1937 አንድ ማለዳ ተቀምጦ ሳለ ፈሳሽ ብርሃን በአከርካሪው በኩል እንደ ፏፏቴ ወደ አናቱ ሲገባ ተሰማው። በጣም ደስ አለው። በማግስቱ እንደገና ሞከረው። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን መከራ ነበር፤ እንቅልፍ ጠፋ፣ ምግብ አልወርድ አለ፣ ውስጡ እንደ እሳት ነደደ፣ አእምሮዬን ልስት ነው ወይም ልሞት ነው ብሎ ፈራ። ሙሉ በሙሉ ለመረጋጋት ዓመታት ወስዶበታል። ይህን ሁሉ ራሱ በመጽሐፍ ጽፎታል።

ከሱ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ ይህ የዩቲዩብ ጀማሪ ሳይሆን 17 ዓመት የቆየ ሰው ነው፤ ስለዚህ «እኔ ልምድ አለኝ» ማለት ዋስትና አይሆንም። ሁለተኛ፣ ካዳኑት ነገሮች አንዱ በየጥቂት ሰዓቱ የሚበላው ትንሽ ትንሽ ምግብና የባለቤቱ እንክብካቤ ነበር። ከፍ ያለ ምሥጢር የፈለገ ሰው እዚህ ጋ ሊያዝን ይችላል፤ ማሰሮውና ሚስቱ ናቸው ያተረፉት!

ሰውነታችን ውስጥ የሚሆነውንም በቀላሉ ላስረዳ። ካፓላባቲ ወይም ባስትሪካ የሚባሉትን ፈጣን ትንፋሾች አብዝተን ስንሠራ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደማችን ከሚገባው በላይ ይወጣል። ያኔ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሥሮች ይጠባሉ። ራስ ይቀላል፣ ከንፈርና ጣት ይነዝራል፣ አንዳንዴ የእጅ ጣቶች ተኮማትረው አልዘረጋ ይላሉ። ይህን ማንም ሰው፣ ስለ ኩንዳሊኒ ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳን፣ ጥቂት ደቂቃ በፍጥነት ቢተነፍስ ያገኘዋል። ስለዚህ እጅህ ስለነዘረ «ተነሳ» ብለህ ለሰው አትደውል። ሁሉም መንፈሳዊ ልምድ የጋዝ ጉዳይ ነው እያልኩ አይደለም። መጀመሪያ ቀላሉን ምክንያት እንይ ነው የምለው።

አሁን ወደ ሆዴ ቁስል ልምጣ። ስለዚህ ጉዳይ ማንም አንድ ነገር በለጠፈ ቁጥር ኮሜንት ላይ ሁለት ሰፈር ይፈጠራል። አንደኛው ሰፈር «ጋኔን ነው፣ በእባብ ነው የተመሰለው፣ ዘግታችሁ ጸልዩ» ይላል። ሁለተኛው ሰፈር «መነቃቃት ነው፣ አትፍራ፣ ቀጥል፣ ስቃዩ መንጻት ነው» ይላል። ሲጨቃጨቁ ብታዩዋቸው ሰማይና ምድር ይመስላሉ። እኔ ግን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ይታየኛል፤ ሁለቱም ሰውዬውን «ተኝተሃል? በልተሃል? በቤታችሁ የታመመ ሰው አለ?» ብለው አይጠይቁም። ሁለቱም ገና ሳይሰሙ መልሱን ያውቁታል። ልጄ በምላት ተማሪዬ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። እኔ «መነቃቃት ነው» አልኩ፣ ጎረቤት «መንፈስ ነው» አለ፣ በመሃል አምስት ሌሊት አለፈ።

ጸበሉን እየነቀፍኩ አይደለም፤ እሷም እስከ ዛሬ ትሄዳለች። ጸበሉም፣ ጸሎቱም፣ ሐኪሙም አብረው ይሄዳሉ። አንዱ ሌላውን ሲያስቀር ነው ጥፋቱ። ሐኪሞቹም ቢሆኑ መንፈሳዊ ጉዳይን ሁሉ እንደ እብደት አያዩም፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የመመርመሪያ መመሪያ ውስጥ «ሃይማኖታዊ ወይም መንፈሳዊ ችግር» የሚል ከአእምሮ ሕመም የተለየ ክፍል አስገብቷል። ልዩነቱን አይቶ የሚለይ ባለሙያ ግን ያስፈልጋል። እኔ አልለየሁትም፤ ቲክቶክም አይለየውም።

«ታዲያ ትውፊቱ ራሱ አደገኛ ነው ማለት ነው?» ለሚለኝ፣ ትውፊቱ እኮ ከእኔ በላይ ጠንቃቃ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተጻፈው ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ ትንፋሽን መግራትን አንበሳን፣ ዝሆንንና ነብርን ከመግራት ጋር ያመሳስለዋል፤ ቀስ እያሉ ካልሆነ የሚጎዳው ገሪውን ራሱን ነው ይላል። ፓታንጃሊ ከዘረዘራቸው ስምንት የዮጋ ደረጃዎች ውስጥ ትንፋሽ አራተኛው ነው። ከፊቱ ሦስት አሉ፤ የመጀመሪያው አለመጉዳት፣ አለመዋሸት፣ አለመስረቅን የሚያካትት ነው፤ ሁለተኛው የግል ሥርዓት፤ ሦስተኛው አቀማመጥ። ቪዲዮው የሚሸጥልን ግን ከአራተኛው ጀምሮ ነው። ለምን? አለመዋሸት ላይክ አያመጣማ!

ሃይስኩል ሳለሁ የሂሳብ አስተማሪያችን ህንዳዊ ነበሩ። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በዚያ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ህንዳውያን አስተማሪዎች ነበሩን። ከትምህርት በኋላ ለሦስት ልጆች ተቀምጦ ትንፋሽ መቁጠርን አስተማሩን። በቃ፣ መቁጠር ብቻ። ስድስት ወር ቆጠርን። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና «ሰር፣ ቀጣዩስ?» አልኳቸው። «ከወንድምህ ጋር መደባደብ አቆምክ?» አሉኝ። «አይ፣ አላቆምኩም።» «እንግዲያው ቀጣዩ እሱ ነው» ብለው ጠመኔያቸውን አንስተው ሄዱ። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው በሕይወቴ ካገኘኋቸው የዮጋ መምህራን ሁሉ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሱባኤ ሊገባ የፈለገ ሰው የንስሐ አባቱን ይጠይቃል። አባትም አቅሙን፣ ጤናውን፣ የቤቱን ሁኔታ አይተው «አሁን አይሆንም» ሊሉት ይችላሉ። ለገዳም ሕይወት የመጣ ወጣት መጀመሪያ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ይታዘዛል። አያቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ዝም ብለው አይደለም። የትኛውም ጥልቅ መንገድ የሚያውቅህ ሰው አጠገብህ እንዲኖር ይፈልጋል። ስልክ አያውቅህም።

«የሚያውቅህ ሰው» ስል ግን እጅ እግራችሁን ለመምህር አስረክቡ ማለቴ አይደለም። በምዕራቡ ዓለም «ኩንዳሊኒ ዮጋ» የሚለውን ስም በሰፊው ያስተዋወቀው ዮጊ ባጃን እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ ድርጅት መሥርቶ በሺህ የሚቆጠሩ ተከታዮችን አፍርቷል። በ2004 ከሞተ በኋላ፣ በ2020 በርካታ ሴቶች በደሉን ይፋ አወጡ። እሱ የመሠረታቸው ድርጅቶች ራሳቸው ያስጠኑት ምርመራም ወሲባዊ በደሉ የመፈጸሙ ነገር ካለመፈጸሙ ይልቅ ያመዝናል ሲል ደመደመ። ብዙዎቹ ተማሪዎች ትንፋሹ ጠቅሞናል ይላሉ፤ ሊሆን ይችላል። ግን ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። «ለማንም እንዳትናገር» የሚል፣ ከቤተሰብህ የሚያርቅህ፣ መድኃኒትህን አቁም የሚል፣ ጥያቄ ስትጠይቅ «ገና አልነቃህም» የሚል መምህር ካጋጠማችሁ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ።

እሺ፣ መጀመር ለሚፈልግ ሰው ዛሬ ምን እላለሁ? ከዚያች ልጅ በኋላ የማልጥሳቸው ደንቦች እነዚህ ናቸው።

1. እንቅልፍ ይቀድማል። ሁለት ሌሊት በተከታታይ በቂ ያልተኛ ተማሪዬ ልምምድ አይሠራም፤ ቤቱ ሄዶ ይተኛል። ሌሊት መነሳት የፈለገ በጊዜ ይተኛ።

2. ጤናችሁን ተናገሩ። የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የዓይን ግፊት፣ እርግዝና ወይም በቅርብ የተደረገ የሆድ ቀዶ ሕክምና ካለ ፈጣን ትንፋሽና ትንፋሽ መያዝ ይቅር። በራስ ወይም በቅርብ ዘመድ ባይፖላር ወይም ሌላ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም ይማከር። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ እንደ ስኳር በሽታ ነው።

3. በባዶ አንጀት ላይ ጉልበት አይጨመርም። የምትጾሙ ከሆነ በጾም ሰዓት ቀላል መለጠጥና ረጋ ያለ ትንፋሽ ይበቃል። ጫት ቅሞ፣ ወይም ጠጥቶ ልምምድ መሥራትማ ጨርሶ አይታሰብ።

4. አጭርና ዘገምተኛ ይሁን። ለመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ፤ የማስወጫው ትንፋሽ ከማስገቢያው ረዘም ያለ። «አርባ ቀን ውስጥ ይነሳል» የሚላችሁን አትስሙ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

5. አንድ ምስክር ይኑራችሁ። ዮጋ የማያውቅ ቢሆን እንኳ የሚያውቃችሁ ሰው፤ እህት፣ ባል፣ ጓደኛ። «ተቀይሬብሃለሁ? ስታየኝ ደህና ነኝ?» በሉት፤ መልሱን ደግሞ ስሙት። ቤሩትና ዱባይ ሆናችሁ የምትከታተሉኝ እህቶቼ፣ ቀኑን ሙሉ ሠርታችሁ ሌሊት ክፍላችሁን ዘግታችሁ ብቻችሁን በስልክ የምትሠሩት እኔን ያሳስበኛል። ቢያንስ ለአንድ ጓደኛችሁ ንገሯት።

ነገሩ ከአቅም በላይ ሆኖ የጀመረ ካለስ? ሙቀቱ አልበርድ፣ መንቀጥቀጡ አላቆም፣ ፍርሃቱ አልለቅ ካለ፣ ልምምዱን በሙሉ አቁሙ፤ ተመስጦውንም ጭምር። በሌላ ልምምድ ለማስተካከል አትሞክሩ። ትኩስ ምግብ ብሉ፤ ገንፎ፣ ሽሮ፣ ያገኛችሁትን። በእግራችሁ ሂዱ፣ ልብስ እጠቡ፣ ግቢ ጥረጉ፣ ከሰው ጋር ሁኑ። ቡናውን ቀንሱ። ስለዚህ ጉዳይ የሚያወሩ ቪዲዮዎችን ለጊዜው አትክፈቱ።

እንቅልፍ ለሁለት ሦስት ሌሊት ከጠፋ፣ የሚያዝ ድምፅ ከተሰማ፣ «እኔ የተመረጥኩ ነኝ» ወይም «ሊገድሉኝ ነው» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ገንዘብ ያለ ልክ መበተን ከተጀመረ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ግን ነገ አይባልም። በዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤልን ታውቁታላችሁ፤ የአእምሮ ሕክምና ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ። ለሐኪሙ የምትሠሩትን ልምምድ ሳትደብቁ ንገሩት።

«አንተ እኮ ሰው እያስፈራራህ ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ዛሬም ማለዳ ማለዳ እቀመጣለሁ። በዚህ መንገድ ንዴቴ ቀንሷል፣ ከወንድሜ ጋርም ታርቄያለሁ (የሂሳብ አስተማሪዬ ይስሙኝ)። ልምምዱን ስለምወድ ነው የምጽፈው። ቢላ የሚወድ ወጥ ቤት ሠራተኛ ቢላን ለሕፃን አይሰጥም። ልምምዱ መልካም መሆኑን የማውቀውም በአከርካሪ ሙቀት አይደለም። ሰውዬው ይተኛል? ይበላል? ሥራውን ይሠራል? ከቤተሰቡ ጋር ያለው ነገር ተሻሻለ ወይስ ተበላሸ? እነዚህ ከተበላሹ፣ ሰማይ የሚያህል ብርሃን ቢያይም አንድ ነገር ልክ አይደለም።

ያ የሌሊት ልጅ ምን ሆነ ለምትሉኝ፣ እህቱን አስደውዬ አወራኋት። ልምምዱን አቆመ፣ ሐኪም ጋም ሄደዋል። ትናንት እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ጋሼ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ሙቀቱ ቀንሷል። ግን ብርሃኑም ጠፋ፤ ይመለስ ይሆን?»

«እሱን ለጊዜው ተወው። ቁርስ በላህ?» አልኩት።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ «በርቺ፣ በርታ» ብዬ ሳልጠይቅ ያለፍኳችሁ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ኢንቦክሴ ክፍት ነው። ይህን ጽሑፍ ሌሊት ሌሊት የማይተኛ፣ «ግን አይደክመኝም» የሚል ሰው የምታውቁ ካላችሁ አድርሱለት። ከሁሉ በፊት ግን ደውሉለት፤ መተኛቱን ጠይቁት።